በመጨረሻዋ ዘፈን ውስጥ የሳቀው ማነው?

ዘፋኙ ሞተ የተባለ ቀን ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር ግማሹን ሠርታ ግማሹን ትታ ቁጭ አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ደንበኛዋ በመስታወቱ ራሷን አየችና «ኧረ እህቴ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ የት ልሂድ?» ብትላትም ሰሚ አላገኘችም።

ሰውየውን በአካል አይታው አታውቅም። የገዛ አጎቷ ሲሞት እንኳ እንዲህ አልተንሰፈሰፈችም። ምን ነካኝ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ያገለገለ ካሴት ገዝታ፣ ገና ሰምታ ሳትጨርሰው ቴፑ ቆረጣጠመባት። ከሳሎኗ ፊት ለፊት የሚሠራው ሬዲዮ ጠጋኝ ቀጣጥሎ መለሰላት። የካሴቱ መጨረሻ ላይ ሬዲዮ የማያነሳት አንዲት ዘፈን አለች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዘፋኙ ትንፋሹን ዋጥ ያደርግና ሳቅ ያመልጠዋል። እሷ የሞተችው ለዚያች ሳቅ ነው! አግቢ እያሉ ለሚነዘንዟት ዘመዶቿ «እንደዚህ የሚስቅ አምጡልኝና ነገውኑ አገባለሁ» ትላቸው ነበር። ሲውል ሲያድር ቀልዱ የምር ሆነና ስንቱን መለሰችበት።

ሬዲዮ ጠጋኙን ሰፈሩ «ሹክሹክታ» ይለዋል። ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ሲላት ከንፈሩን አይታ ነው የምትመልስለት። የፀጉር ማድረቂያ ካስኳ በተበላሸ ቁጥር እየሮጠ ይመጣል፣ ጠግኖም ቶሎ አይሄድም። ዓይኑ እሷ ላይ እንደሚቆይ ታውቃለች። ግን እንደ ግድግዳ ዝም ካለ ሰው ጋር ምን ይባላል?

እሁድ ዕለት የዘፋኙ አድናቂዎች በሰፈሩ ሰፊ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ተሰባሰቡ። ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት፣ እያንዳንዱ ሰው ከዘፈኖቹ አንጀቱን የሚበላውን ቦታ እንዲናገር ጋበዘ። አንዱ ሲያወራ ሌላው ያለቅሳል። ተራው ደረሳትና በመጨረሻዋ ዘፈን ውስጥ ስላለው ሳቅ ተናገረች።

«የቱ ሳቅ?» አለ አንድ የታክሲ ሹፌር። «ያቺን ዘፈን በቃሌ ነው የማውቃት። ሳቅ የሚባል ነገር የላትም።»

«አለ እንጂ! ሁለተኛው ስንኝ ላይ!»

ጋሼ የራሱን ካሴት አውጥቶ ከፈተው። ሁለተኛው ስንኝ መጣ፣ አለፈ። ሳቅ የለም።

«ለአንቺ ብቻ ስቆልሽ ይሆናላ!» አለ ሹፌሩ፤ ሲያለቅስ የነበረው ሁሉ ከት ብሎ ሳቀ። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጆሮዬ ነው ያበደው ወይስ እኔው ነኝ?

«በሉ ተዉዋት፣ ዘፈኗን አብረን እንዝፈን» አለ ጋሼ።

መዝፈን ጀመሩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ከበሩ አጠገብ አንድ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ። ትንፋሹን ዋጥ አደረገና ሳቀ። ያችኑ ሳቅ!

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ዞር ብትል ሹክሹክታ ነው፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

እጁን ይዛ ወደ ውጭ ጎተተችው።

«አንተ ነህ?»

«ካሴቱ ሲቆረጠም ያቺ ቦታ ጠፍታ ነበር። ሌላ ቅጂ ያኔ ጋሼ ዘንድም አልነበረም፤ ፈልጌ አጣሁ። አንቺ ደግሞ ካሴቱን ስትሰጪኝ ዓይንሽ እንባ ሞልቶ ነበር። ዘፈኗን በቃሌ ስለማውቃት የእሱን ድምፅ አስመስዬ ዘፍኜ ሞላሁት።»

«አፍህ ተከፍቶ ድምፅ የማይወጣህ ሰውዬ?»

«ብቻዬን ስሆን ይወጣል።»

«ሳቁስ?»

አቀረቀረ። «ስቀዳ በመስኮት አየሁሽ። ዝናብ ነበር። ፎጣ ራስሽ ላይ ጣል አድርገሽ ስትሮጪ አንድ ጫማሽ ጭቃ ውስጥ ቀረ። በአንድ እግርሽ እየዘለልሽ ስትመለሺለት ሳቄ አመለጠኝ። ላጠፋው ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልክ?»

«የወደድሽው እሱን መስሎኝ ነዋ። እኔ ቀዳዳ ነው የደፈንኩት። ዛሬ ግን ሲስቁብሽ አላስቻለኝም።»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ቁጣው አልመጣላትም።

«እና ሳምንቱን ሙሉ ያለቀስኩት ለማን ነው?»

እጁን ለቀቀችና ትታው ሄደች።

ቤቷ ገብታ ካሴቱን እየመለሰች ሰማችው። የመጀመሪያው ስንኝ ሲመጣ ታለቅሳለች። ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ እያለቀሰች ጉንጯ ይግላል። አንዱን ከሌላው ልለይ ብትል ነገሩ ይባስ ተወሳሰበባት። የሞተውን ተውኩት ማለት ነው? ወይስ በሕይወት ያለውን ሳላውቅ ቀብሬው ነበር?

በማግስቱ ከሰዓት የሹክሹክታ ጠረጴዛ ላይ ካሴቷን ቁጭ አደረገችው።

«ተቆረጠመ?» አለ ደንግጦ።

«ደህና ነው። የእሱን እንዳትነካብኝ! ያቺን ሳቅም እንዳትነካ። ግን ከመጨረሻዋ ዘፈን በኋላ ካሴቱ ባዶ ነው። እሱን ሙላልኝ።»

«በምን?»

«በራስህ ዘፈን። ብቻዬን ስሆን አላልክም? እወጣልሃለሁ።»

ወጣችና መስኮቱ ፊት ለፊት ቆመች። ሹክሹክታ መቅጃውን ተጭኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና ብሎ አያት። እሷም አንድ ጫማዋን አወለቀች፤ አላፊ አግዳሚው እያያት በአንድ እግሯ ዘለለች።

ከውስጥ ሳቁ ተሰማ።

ለማን እንዳለቀሰች እስከ ዛሬ አልለየላትም። የሳቀላት ማን እንደሆነ ግን ለይታለች፤ ጠዋት ጠዋት አጠገቧ ነው የሚነቃው።