የካምቢዮዋ እጀታ

የማያምን አይመን... ግን ሆኗል።

በጨለማም አልሆነ። ደብረ ማርቆስ፣ በ1931 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ነው የሆነው። ከተማው በጣሊያን እጅ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር።

ባዘዘው ቀንድ ሠሪ ነው። ዋንጫም ሆነ የጩቤ እጀታ፣ ከቀንድና ከአጥንት የሚወጣ ነገር ሁሉ ያምርለታል። በዚያ ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲሞርድ፣ የሚስቱ ወንድም አስማማው ካሚዮኑን አጥሩ ሥር አቁሞ ገባ። አስማማው ለጣሊያኖች መንገድ ሥራ ድንጋይ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ሥራልኝ።"

የካሚዮኑ ካምቢዮ እጀታ፣ ማርሽ ሲቀይር በመዳፉ የሚጨብጣት ድቡልቡል ነገር፣ ተሰብራለች። ባዶው ብረት መዳፉን ልጦታል። ደግሞም ሌሎቹ ሾፌሮች የየራሳቸውን ማሳመራቸውን አይቶ ቀንቷል።

ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

አጥንት... ነጭ፣ ክብ፣ ከሎሚ ከፍ የምትል፣ ባንድ በኩል አጭር አንገት ያላት።

"የምን አጥንት ነው?"

"የበሬ።"

"ከየት አመጣኸው?"

"ድንጋይ ከምንጭንበት። ምን አጨነቀህ?"

ባዘዘው በዕድሜው ስንት የበሬ አጥንት ሠርቷል። እንዲህ ያለ ግን አያውቅም። ነገሩ ደስ አላለውም፤ ቢሆንም የሚስቱ ወንድም ነውና ተቀበለው።

መሞረድ ጀመረ።

የደረቀ አጥንት ሲሞረድ ዱቄቱ ይበናል። ይሄ አልበነነም። እንደ ሊጥ ረጥቦ ሞረዱ ላይ ተለጠፈ። ባዘዘው በጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ ወዛ።

ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳ ለማውጣት ብረት አግሎ ወጋት። ቸስ አለች... ጭሱ ግን የተቃጠለ አጥንት አልሸተተም።

ጥብስ ጥብስ ሸተተ።

ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰው ባዘዘው አፉ ምራቅ ሞላ። ወዲያው ራሱን ተጸየፈ።

ክፉ ልማድ ነበረው። የሠራውን ዕቃ ልስላሴ የሚያረጋግጠው በምላሱ ጫፍ ነው። ሳያስበው አጥንቷን አንስቶ ላሰ።

ትሞቃለች።

ጨው ጨው ትላለች... የሰው ላብ የላሰ መሰለው። ጮማው ምላሱ ላይ ተጋገረ። እንትፍ አለ። ደግሞ እንትፍ አለ። አልለቅ አለው።

ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ብቅ አለች።

"አንተ! በጾም ምን እየጠበስክ ነው?"

"ምንም።"

"ምንም? ከንፈርህ እኮ በስብ ያብረቀርቃል!"

ባዘዘው ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ። ሥራውን ጨርሶ እጀታዋን ካምቢዮው ላይ ገጠማት። አስማማው ጨበጥ አድርጎ ሳቀ።

"ለእጄ የተሠራች ናት! ደግሞ ትሞቃለች..."

ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ባዘዘው እህል አልስማማው አለ። ሽሮውም፣ ቆሎውም፣ ውኃው እንኳ ያንን ጮማ ጮማ ይለዋል። አፉን በአመድ ፈተገ። ምላሱ እስኪደማ ፋቀ። ደሙም ያንኑ ጣዕም አመጣ።

በሳምንቱ አስማማው ተመልሶ መጣ። እንደገና እኩለ ቀን ነበር። ቀኝ እግሩን እየጎተተ ገባና ወደ ባዘዘው ጆሮ ተጠጋ።

"አውልቅልኝ።"

"ምኑን?"

"እጀታዋን... መዳፌ ውስጥ ትዞራለች። እኔ ሳልነካት ያልባታል።"

"አስማማው፣ የምን አጥንት ነው?"

"ዋሸሁህ፣ ጋሼ። ድንጋዩ ሥር የሰው አፅም አለ። ከአጠገቡ ነው ያነሳኋት።"

ባዘዘው ተንበርክኮ አስታወከ። የሚወጣ ነገር አልነበረውም፤ ቢጫ ውኃ ብቻ... በላዩ ላይ ስቡ ዐይን ዐይን እየሠራ ተንሳፈፈ።

ወለተ ኢየሱስ ሮጣ ቄስ ወልደ ሩፋኤልን ጠራች። ባዘዘው እጀታዋን ነቀላት። እሱ ራሱ በጋለ ብረት የበሳው ቀዳዳ በቀይ መቅኔ ተሞልቷል። ትኩስ ነበር። ፊቱን አዙሮ በጨርቅ ጠቀለላት።

ሦስቱ ወንዶች በካሚዮኑ ድንጋዩ ወደሚጫንበት ቦታ ወጡ። እንደ ደረሱ አስማማው ከመሪው አልተነሳም።

"እናንተ ሂዱ። እግሬ ደንዝዟል።"

ባዘዘውና ቄሱ ድንጋዩን እያነሱ አፅሙን ገለጡት። ቄሱ ጸሎት ጀመሩ። ባዘዘው አጥንቷን ወደ ቦታዋ ሊመልስ ጎንበስ አለ፤ ከዳሌ የሚገጥም የጭን አጥንት ራስ መሆኗ አሁን ገብቶታል።

የቀኙን ጭን አየ። ክቡ ራሱ ከዳሌው ጋር እንደ ተገጠመ ነው።

የግራውን አየ... እሱም አለ።

"አባ..." አለ በሹክሹክታ፣ "ይሄ ሰው ምንም አልጎደለውም።"

ቄሱ ጸሎታቸውን አቋረጡ። "ሌላ ሰው ይኖራል። ፈልግ።"

ፈለጉ። ሥሩ አለት ብቻ ነው።

"ታዲያ የማን ናት?"

ቄሱ ወደ ካሚዮኑ እያዩ አማተቡ።

አስማማው በሩን ከፍቶ ወርዷል። በሁለት እጁ በሩን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ቀኝ እግሩ ከዳሌው ላይ አጥንት እንደሌለው፣ እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሏል። ተረከዙ ወደ ፊት፣ ጣቶቹ ወደ ኋላ ዞረዋል። ጠብታ ደም የለም።

"ጋሼ..." አለ፣ በልጅ ድምፅ። "አያመኝም እኮ። ለምንድን ነው የማያመኝ?"

ወደ እነሱ ሊራመድ ሞከረ። እግሩ አልታዘዘውም።

በባዘዘው መዳፍ ውስጥ፣ በጨርቁ እንደ ተጠቀለለች፣ አጥንቷ ዞረች።