ሰማያዊው ሳህን

ነርሷ ደብተሩን ገጽ በገጽ ስትገልጥ ልጅቷ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ደበቀች። ሁሉም ገጽ በልጅቷ እጅ ጽሑፍ አንድ ነገር ይላል፦ «ግማሽ ሳህን። ከምሳ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ እርምጃ።» ሦስት ወር ሙሉ። ከመጀመሪያው ቀን እርምጃ በቀር ሁሉም ውሸት ነው።

አባቷ አጠገቧ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ትንሿ ጣቱ ጠቁራ ከነገ ወዲያ ልትቆረጥ ነው።

ይህ ሰው ሃያ ዓመት መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸክሟል፤ ጓደኞቹ «ክሬኑ» የሚሉት በከንቱ አልነበረም። ማታ ማታ በትልቁ ሰማያዊ ሳህን ፓስታውን ከነዳቦው ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ ሻዩን በአራት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፤ በማግስቱ ሸክሙ ሁሉንም ያቃጥለው ነበር። ወገቡ ተጎድቶ ዘበኛ ሆኖ ወንበር ላይ መዋል ሲጀምር ግን ሳህኑ አልተቀየረም። እናቷ መቀነሱ አልሆንላት አለ፤ ባሏን «ከእንግዲህ አትረባም» ማለት መሰላት። የስኳር በሽታ ሲገኝበት፣ የማይሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ውስጥ አይወስድም ብላ ያስረዳቻቸው ይህችው ነርስ ናት። የሚበላውንና የሚራመደውን እንድትመዘግብ ለልጅቷ ደብተሩን የሰጠቻትም እሷ ናት።

የመጀመሪያው ቀን አባትና ልጅ ለእርምጃ ወጡ። መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ክሬኑ ዛሬ በልጅ ይጎተታል እንዴ ብሎ ቀለደ። አባቷ አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

«ተራመድን ብለሽ ጻፊ በቃ» አላት።

ጻፈች። እውነቱን ለመናገር ለእሷም ተመችቷት ነበር፤ ያቺን ግማሽ ሰዓት ስልኳ ላይ ታሳልፋታለች። አሁን ያቺ የጠቆረች ጣት ትዝ ባለቻት ቁጥር ራሷን ትጠላለች።

ነርሷ ደብተሩን ዘጋች። «እየተራመዱና ምግብ እየቀነሱም ስኳሩ አልወርድ ካለ ሐኪሙ የኢንሱሊን መርፌውን መጠን ከፍ ያደርገዋል። ጣቱ ከተቆረጠ በኋላ ግን ሆስፒታሉ የሚሰጥዎት ግማሽ ሳህን ነው። እዚህ የተጻፈው ትክክል ካልሆነ መርፌው ከምግቡ በልጦ ስኳሩ በአንዴ ወርዶ ራስዎን ሊያስትዎት ይችላል። ትክክል ነው አይደል?»

አባቷ ልጁን አያት። በዚያ ትልቅ ፊቱ ላይ ልመና አይታ አታውቅም፤ አንጀቷን በላት።

«አልተራመደም» አለች ልጅቷ። «ሳህኑም ሙሉ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ወደ ልጅቷ ገፋ አድርጋ፣ ሐኪሙ ሳይመጣ አስተካክይው አለቻት።

ከመጨረሻው ገጽ ጀመረች። በውሸቱ ላይ መስመር አሰመረችና ከሥሩ «ሙሉ ሳህን። አልተራመደም» ብላ ጻፈች። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች፤ ያንንም እንደዚያው። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አባቷ ከግድግዳው ሳይዞር ተናገረ።

«የጠዋት የጠዋቱን ዳቦም ጻፊው። እናትሽ ሳታይ የምበላውን።»

እስክሪብቶውን አጥብቃ ያዘች። «ስንት ነው፣ አባዬ?» አለችው።