ባዶ የማይመለስ ሰሃን

«ራሴን ፈልጦኛል እማ፤ ዛሬ አልሄድም» አለች ሳሊሃ፣ ከፍራሹ ላይ ሳትነሳ።

እናቷ ራቢአ ትኩስ ሳምቡሳ ሰሃን ላይ እየደረደረች ነበር። ሰበታ ገበያ ካለው የጨርቅ ሱቃቸው እንደገባች በቀጥታ ወደ መጥበሱ ነው የሄደችው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ፣ ማታ ለቤቱም ለጎረቤቱም የምትጠብሰው እሷው ናት።

«እኔስ መች ደህና ሆንኩ? ሰውየው እኮ ብቻውን ነው የሚያፈጥረው። ደግሞ በነጻ እያስጠናሽ!»

ሰውየው ቲቸር ዛኪር ነው፤ የሳሊሃ የሒሳብ መምህር፣ እዚያው መንገድ ላይ ክፍል የተከራየ ወንደላጤ። ጾሙ ከገባ ወዲህ ማታ ማታ ምግብ የምታደርስለት ሳሊሃ ናት። እሱም የሰው ሰሃን ባዶ አይመልስም። መጀመሪያ ተምር ነበር፤ ራቢአ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ቀጥሎ ቸኮሌት ሆነ፤ «ይሄ ላንቺ ብቻ።» ከዚያ ሽቶ፤ «ለእናትሽ እንዳታሳዪ፣ በኔና ባንቺ ይቅር።» ትናንት ደግሞ «ሰሃኑን እስክገለብጥልሽ ግቢ» ብሎ በሩን ከኋላዋ ዘጋው። እጇን ሲይዛት «እማ እየጠራችኝ ነው» ብላ ሮጣ ወጣች። ማንም አልጠራትም ነበር።

ሳሊሃ ሰሞኑን ደክሟታል። የጾም ድካም ቢሆን ተምርና ውኃ በበቃው። ክፍል ውስጥ እሱ ስሟን ሲጠራ ይደክማታል። ጓደኛዋ ዱርሲቱ ቸኮሌቱን አይታ «አንቺማ ተመችቶሻል! ማትስን ደፈንሻት በይ» ብላ ስትቀልድ መሳቅም ይደክማታል። ከሁሉ የባሰው «አንቺስ ምን ብለሽው ነው?» የሚለውን የእናቷን ጥያቄ ገና ሳትጠየቅ በሐሳቧ ስትመልስ መዋሏ ነው።

«እሺ፣ ራያ ታድርስ» አለች ራቢአ።

ታናሽ እህቷ ራያ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት። ዘላ ተነሳች። «እኔ! እኔ! ቸኮሌት ይሰጠኛል!»

«ማን አለሽ?» አለች ሳሊሃ።

«ራሱ ነዋ። አንድ ቀን ሰሃኑን እኔ እንደማመጣለት ነግሮኛል።» ራያ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! አትንገሪ ብሎኝ ነበር።»

«ልጅ ይወዳል እኮ» ብላ ራቢአ ሳቀች።

ሳሊሃ ከፍራሹ ተነሳች። ራያ ሰሃኑን ይዛ፣ ጫማዋን አጥልቃ በሩ ጋ ደርሳለች። ሳሊሃ ደርሳ ከእጇ ተቀበለቻት።

«አሞኛል አላልሽም?» አለች ራቢአ።

«ውሸቴን ነው።»

ሰሃኑን እናቷ ፊት አስቀመጠችው። ከፍራሹ ሥር ሽቶውንና ያልተከፈቱትን ቸኮሌቶች አውጥታ ከሳምቡሳው አጠገብ ደረደረች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ራቢአ።

«ቲቸር ዛኪር የሰጠኝ። ብትቆጪኝም ዛሬ እነግርሻለሁ።»

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ራቢአ ያነሳችውን ተምር ወደ አፏ አላደረሰችም። ሽቶውን አየች፤ ሳሊሃን አየች። ሳሊሃ ያንን «አንቺስ?» የሚለውን ጥያቄ ጠበቀች።

«ራያ፣ ጫማሽን አውልቂ። ማንም የትም አይሄድም» አለች ራቢአ በመጨረሻ። ከዚያ ሳሊሃን እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ» አለች ሳሊሃ፣ «ተምር ነበር።»