የጋሽ ደገፋ ባርኔጣ

ሹሹታው የማያቋርጥ ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። መርማሪው ሻምበል መዝገቡ ከላንድሮቨሩ ወርዶ ቀና ሲል ግን ሰማዩ ጥርት ብሏል። ድምፁ የሚወጣው አብደላ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ከተቀመጠው ራዲዮ ነው።

«ጣቢያችን ሲዘጋ እንዲህ ነው፣ ጓድ ሻምበል» አለ አብደላ። «ቀትር ላይ ሁሌ ይዘጉታል። ዛሬ ግን መሃል ላይ ሹሹታው ጸጥ አለ። ተከፈተ ብዬ ድምፁን ጨመርኩ። ወላሂ፣ አንድ ቃል ሳይነገር መልሶ ሹ…! ከዚያ ከግቢው ጩኸት ሰማን።»

መዝገቡ መንገዱን ተሻገረ። ከሀና ማርያም ወዲህ ሜዳው ላይ ብቻዋን የቆመች፣ ለገበሬው መሠረተ ትምህርት የምታሰራጭ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ናት። የጥገና ሠራተኛው ደገፋ ማሰራጫው ሳጥን ውስጥ በደረቱ ተደፍቷል። የአቧራ ብሩሹን እንደጨበጠ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ግድግዳው ላይ ያለው የማብሪያ እጀታ ወደ ታች ወርዷል፤ ኃይሉ ጠፍቷል። እጀታው ላይ የሟቹ ባርኔጣ ተሰቅሏል። ገበሩ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ጠርዙን ቀይ የወለል ሰም ነክቶታል።

በሩ ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ወጣቷን ቴክኒሺያን ሙፊዳን መሃል አስገብተዋል።

«አሻጥር ነው!» አለ የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ነጋ። «ተረኛዋ እሷ ናት። ይውሰዷት።»

እንዲህ ተብሎ የተወሰደ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል።

«ጀኔሬተሩ ጋ ነበርኩ» አለች ሙፊዳ። «ማን ይመነኝ?»

«እርስዎስ የት ነበሩ?» አለ መዝገቡ ነጋን።

«ቢሮዬ፣ ራዲዮዬን ከፍቼ። ንግግሩን ስጠብቅ ሹሹታ ብቻ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሹሹታ!»

መዝገቡ ዜና አንባቢዋን ኤሌኒን ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት።

«ጓድ ነጋ ዘፈኑን አንስቶ ቀትሩን በንግግር ሞላው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጋሽ ደገፋ ግን ‹ማሽኑ ካላረፈ ይነዳል› ብሎ በእምቢታ ያጠፋዋል። ዛሬም አጥፍቶ ሊያጸዳ ገባ። ባርኔጣው እጀታው ላይ ካለ የሚነካው የለም። ሕጋችን እሱ ነው።»

መዝገቡ ሁሉንም ማሰራጫው ክፍል ሰበሰበ። አብደላንም አስጠራው። ባርኔጣውን አንስቶ ለኤሌኒ ሰጣት።

«ደገፋ እንደሚሰቅለው ስቀይው።»

ገበሩን ወደ ውጭ አዙራ ሰቀለችው። ሙፊዳም እንደዚያው አደረገች።

«ላቡ እንዲደርቅለት ነው» አለች። «‹የኔን ላብ ግድግዳ አይጠጣውም› ይል ነበር።»

ነጋ ተራው ሲደርስ ገበሩን ወደ ግድግዳው አድርጎ ሰቀለ።

«እኔ እዚህ ክፍል መች እገባለሁ?» አለ የሁሉንም ዓይን ሲያይ።

«ዛሬ ገብተዋል» አለ መዝገቡ። «እጀታው ወደ ላይ ሲገፋ ባርኔጣው ይወድቃል። ወድቋልም፤ ሰሙን ይዩት። አንስቶ መልሶ የሰቀለው ሰው የደገፋን አመል አያውቅም። እነዚህ ሁለቱ በየቀኑ ያዩታል። ደግሞ ማሰራጫው ሲበራ፣ ማንም ባይናገርበት እንኳ ሹሹታው ይጠፋል። አብደላ መንገድ ማዶ ሆኖ ሰምቶታል። እርስዎ ራዲዮዎ አጠገብ ቢሆኑ ኖሮ ይሰሙት ነበር። ያልሰሙት እጀታው ጋ ስለነበሩ ነው።»

ነጋ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ከላይ ደወሉ» አለ። «‹ለምንድን ነው ዝም ያላችሁ?› አሉኝ። እኔንም እንዳይወስዱኝ… ደገፋ ወጥቷል ብዬ… ባርኔጣውን አላየሁም አልልም።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ሲጮህ እጀታውን መለስኩት። ወዲያው ነው የመለስኩት!»

ጠባቂዎቹ ተያዩ። ሙፊዳን ለቀው ነጋን በብብቱ አነሱት።

ቢሮው ውስጥ ስልክ ጮኸ። ኤሌኒ ሮጣ አንስታ ተመለሰች።

«ከላይ ነው» አለች። «ጣቢያው ለምን ዝም አለ ነው የሚሉት።»

ሁሉም ወደ ሙፊዳ ዞሩ። ማሰራጫውን ማስነሳት የሚችል ሌላ ሰው አልቀረም። እጀታው ጋ ሄደች። ባርኔጣውን አወረደች፤ ገበሩን ወደ ውጭ ገለበጠች፤ መልሳም ሰቀለችው።

ከዚያ በሩን አልፋ፣ ሹሹታው ወደሚሰማበት መንገድ ወጥታ ሄደች።