የመጀመሪያዋ ቃል ብቻ

ይሻውን አልምረውም። ልጄ አይደለም፤ ደብረ ታቦር ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል የተከራየ የኮምፒዩተር ሰው ነው።

ሠናይት ጉና ተራራ ሥር አዋላጅ ናት። ላፕቶፗን ከዝናብ ሸሽጋ፣ ደጄ ድረስ አቅፋው መጣች።

«ክዳኑን ስዘጋው ይተኛል፤ ስከፍተው አይነቃም» አለችው።

«አሮጌ ነው?»

«የኔ ነው። አስበህ ተናገር።»

ሳቀ። እሷ ቀና ብላ አየችው፣ እሱም መሣሪያውን መቀበል ረሳ። እኔን ያየኝ አልነበረም።

ኋላ ነገሩን አስረዳኝ። ከርነል ይለዋል፤ የኮምፒዩተሩ አስኳል ነው። የአምናው አስኳል ከዚህ መሣሪያ ጋር ይስማማል፤ አዲሱ ግን አስተኝቶት ይቀራል። በሁለቱ መካከል ሰዎች ስምንት ሺህ ጊዜ ነካክተውታል። ጥፋተኛዋን ለውጥ ለማግኘት መሐል ላይ ያለውን አስኳል መሞከር ነው። ከነቃ ጥፋቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካልነቃ ከዚያ በፊት። እንደገና ግማሹን፣ እንደገና ግማሹን፤ ዐሥራ ሦስት ሙከራ።

መሣሪያው ለሥራዋ ያስፈልጋታልና ይዛው ተመለሰች። በየቀኑ አንድ አስኳል በስልክ ይልክላታል፤ እሷ «ደህና» ወይም «አልነቃም» ብላ ትጽፋለች። ከቃሉ ኋላ ወሬ ይከተላል፤ ስለ ውርጩ፣ ስላዋለደችው ሕፃን፣ «በልተሃል?»። ብቻውን ሲስቅ እሰማው ነበር።

«ሽማግሌ ላክ» አልኩት።

«ስህተቱን ላግኝ፣ እማማ ፈንታነሽ። ያኔ የአስኳሉ ባለቤቶች ቋሚ ሥራ ይሰጡኛል። እንዲሁ አባቷ ፊት አልቆምም።»

«አባቷ አስኳል አልጠየቀህ!»

ሥራ ሲበዛበት መልእክቷን ስልኩ ራሱ እንዲያነብ አደረገው። ስልኩ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ይመዘግብና በእሱ ስም «እሺ፣ ቀጣዩን ሞክሪ» ይላታል። እሱ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ሆነ።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ጥፋተኛ ተብላ የወጣችው የፊደል ግድፈት ብቻ ያረመች ለውጥ ሆነች። «ይቺ መሣሪያውን አትገድልም!» ብሎ መልእክቶቹን ከላይ ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ዘጠነኛው ላይ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አንብብልኝ።»

«ደህና አይደለሁም፣ ይሻው። አባቴ ለአንድ የይፋግ ነጋዴ ሊሰጠኝ ነው። ዓርብ ቃል ይታሰራል። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ላክ። አንተ ካለህልኝ እምቢ እላለሁ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ስልኩ ‹ደህና› የምትለዋን ብቻ መዝግቦ መለሰላት» አለ። «እሺ፣ ቀጣዩን ሞክሪ።»

ሞክራለች። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም፤ አራት ጊዜ «አልነቃም» ብቻ። ስለ መሣሪያው ይሁን ስለ እሱ፣ እሷ ታውቃለች።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን «አይደለሁም» መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሰው ሳይጨርስ አልፈርድም።

ዓርብ ካለፈ ሁለት ቀኑ ነበር። በማግስቱ ጉና ወጣ፤ ሲመለስ ላፕቶፑን ይዟል፣ ጫማው ጭቃ ብቻ ነው።

«ምን አለችህ?»

«‹መልስህ ደርሶኛል› አለችኝ። ‹ቃሌን ሰጥቻለሁ። ይህን ግን ጨርሰህ መልስልኝ›።»

ጨረሰ። ጥፋተኛዋን አገኛት፤ ሥራውንም ሰጡት። እርማቱ ሥር የፈተነውም ሰው ስም ይጻፋል አለኝና ጣቴን ይዞ የኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ አኖረው።

«ይሄ ይሻው ነው፤ ከሥሩ ሠናይት።»

ከዚያ ሌላ ሁለቱ አብረው የተጻፉበት ቦታ የለም።

«ይፋቃል?»

«አይፋቅም፣ እማማ» ብሎ አለቀሰ።

«ይበልህ!» ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም።