የኦርሶላ መንጋጋ

ኦርሶላ ፌራንቴ በሃያ ሁለት ዓመቷ ሞታ፣ ኦሬንጅ ከተማ እናቷ ሳሎን ውስጥ በሣጥን ተጋድማለች። የታችኛው መንጋጋዋ በቁሟ ሳለች ተሰባብሮ አልቋል። ትሠራበት የነበረው የሰዓት ፋብሪካ ሐኪም የሞቷ ምክንያት «ቂጥኝ» ነው ብሎ ፈርሟል። ሰፈር መቼም ዳኛ አይቸግረውም፤ በሽታውን ያመጣው እጮኛዋ ካርሚኔ ነው ብሎ ፊት ነስቶታል።

የሠራተኞች ጤና ተቆጣጣሪዋ ወይዘሪት ክራውስ ግን ወሬ አይበቃትም። ከሁሉም በላይ ያስጨነቃት፣ የሟች ታናሽ እህት አሱንታ እዚያው ፋብሪካ ያንኑ ሥራ እየሠራች መሆኗ ነው።

«ሥራችሁ እንዴት ነው?» ብላ አሱንታን ጠየቀቻት።

«የሰዓት ቁጥሮችን በጨለማ በሚያበራ ቀለም እንቀባለን። ብሩሹ ሲንጨፈረር በከንፈራችን እናሾለዋለን። አለቃችን ወይዘሮ ጋዲስ ናት ያሳየችን፤ ጉንጭ ያቀላል ብላናለች። ኦርሶላማ ጭፈራ ስትሄድ ጥርሷንም ትቀባ ነበር፣ ካርሚኔ በጨለማ ስትስቅ እንዲያያት» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች።

ወይዘሪት ክራውስ ፋብሪካው ሄደች። ምድር ቤት ኬሚስቶቹ ያ ቀለም የሚበጠበጥበትን ዱቄት የሚያነሱት ከእርሳስ ማዕድን መከለያ ጀርባ ሆነው፣ በረጅም መቆንጠጫ ነው። ያየችውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ከቀብሩ በኋላ ሥራ አስኪያጁን ሚስተር ቶርንን፣ ወይዘሮ ጋዲስን፣ ካርሚኔንና አሱንታን መቀቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ካርሚኔን ጠርጥሬ ነበር። ደሙ ተመረመረ፤ ንጹህ ነው። የኦርሶላም ደም ሆስፒታል ሳለች ንጹህ ነበር። ከዚያ የጥርስ ሐኪሟ ያወጣውን የመንጋጋዋን ቁራጭ በጥቁር ወረቀት በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ፊልም ላይ አስቀመጥኩ። ፊልሙ ብርሃን እንደነካው ሆነ። ቂጥኝ ይህን አያደርግም፤ ቀለሙን የሚያበራው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ ራዲየም፣ ያደርጋል። አጥንቷ ውስጥ የደረሰው ደግሞ በአፏ ገብቶ ነው።»

ሚስተር ቶርን ፈገግ አለ። «ይሄ ቀለም እንኳን ሊገድል፣ መድኃኒት ነው።»

ወይዘሪት ክራውስ ብሩሽ ቀለም ውስጥ ነክራ ዘረጋችለት። «እንግዲያው በከንፈርዎ ያሹሉት።»

እጁ ከኪሱ አልወጣም።

«አንዴ ብቻ እኮ ነው፣ ሚስተር ቶርን» አለች ወይዘሮ ጋዲስ እየለመነችው። እሱ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ኬሚስቶችዎ በእጃቸው የማይነኩትን ነው እነዚህን ልጆች ያስላሱት» አለች ወይዘሪት ክራውስ። «ያውቁ ነበር።»

ካርሚኔ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አሱንታ ግን ብሩሹን ብቻ ታይ ነበር።

«እኔስ?» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስልሰው ኖርኩ።»

ወይዘሪት ክራውስ ብሩሹን አስቀመጠች። እጇን ያዘቻት፤ የልጅቷ እጅ ቀዝቅዟል።

«ይቺ የታችኛዋ ጥርሴ» አለች አሱንታ ቀስ ብላ፣ «ከፋሲካ ጀምሮ ትነቃነቃለች። ለእማዬ አልነገርኳትም።»