ከበርሜሉ ሥር የነደደው ጧፍ

ዘርይሁን በስደት በሚኖርበት በሬክስዴል ሰፈር፣ በጣሊያናዊው ጎረቤቱ በቪቶሪዮ ምድር ቤት፣ ከሚብላላው የወይን በርሜል ሥር ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ «የወይኑ ጋዝ አፍኖት ነው» ብሎ ዘጋው። ሰው ግን «አደጋውን እያወቀ የገባው ራሱን ሊያጠፋ ነው» እያለ አወራ። ቀሲስ ዘውዴም ነገሩ ሳይጣራ ፍትሐት ማድረግ ከበዳቸው።

ባለቤቱ ተሻለች፣ የባሏን የድሮ ጓደኛ በየነን አስጠራች፤ አዲስ አበባ ሳለ የፖሊስ መርማሪ ነበር።

«ጋሼ፣ ባሌን ያለ ፍትሐት አልቀብረውም። እውነቱን ያውጡልኝ!»

በየነ በስደት ሱዳን ውስጥ ከዘርይሁንና አሁን ከቀሲስ ዘውዴ ጋር ከሚያገለግለው ከዲያቆን ክፍሌ ጋር በአንድ ድንኳን ኖሯል። ከቪቶሪዮ ጋር ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ሬሳው በተነሳበት ቦታ፣ ከራስጌው በኩል፣ እስከ ሥሩ የነደደ ጧፍ ሲሚንቶው ላይ ተጣብቋል።

«ይህን ያበራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ?» ቪቶሪዮ እጁን አወናጨፈ። «ሳገኘው ነድዶ አልቋል፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። በአገሬ በአብሩዞ ወይን ሲብላላ፣ ጋዙ ከታች ስለሚተኛ፣ አባቴ ሻማ በጉልበቱ ልክ ይዞ ነበር የሚገባው። ሻማው ከጠፋ ሮጦ መውጣት ነው። ወይኑን የሚያማስልልኝን ዘርይሁንንም ዲያቆን ጓደኛውንም አስተምሬያቸዋለሁ።»

«ክፍሌንም?»

«እሱንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሮጌው በርሜል አንድ ጠርሙስ ወይን ይወስዳል፤ ለቤተ ክርስቲያን ነው ይለኛል። ይህን ለዘርይሁን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።»

በየነ ክው አለ። በእኛ ሥርዓት ለቅዳሴ የሚቀርበው ተዘፍዝፎ የተጨመቀ ዘቢብ ነው፤ የተብላላ ወይን ጽዋ ውስጥ አይገባም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ዘርይሁን ለቅዳሴ የገዛውን የዘቢብ ከረጢት አፉ ሳይፈታ አገኘው። ዘፍዝፎ መጭመቅ የክፍሌ ሥራ ነበር።

በማግሥቱ ሁሉንም ተሻለች ቤት ሰበሰባቸው።

«ይህ ጋዝ ከሰው በፊት እሳት ያጠፋል» አለ። «ጧፉ ግን ነድዶ አልቋል። ስለዚህ የበራው ዘርይሁን ከሞተ፣ ጋዙ ሲገድለው ተዘግቶ የነበረው መስኮትም ተከፍቶ አየሩ ከጠራ በኋላ ነው። የሞተ ሰው መስኮት አይከፍትም።»

ቀሲስ ዘውዴ አማተቡ።

«አንድ ሰው ገብቶ፣ ሬሳ አይቶ፣ ማንንም ሳይጠራ መብራት አብርቶ ሄደ። ተሻለች ሥራ ላይ ነበረች። ቪቶሪዮ ጧፍ የለውም። ጧፍ ከኪሱ የማይለየው፣ ሬሳ ያለ መብራት መተው የማይሆንለት ዲያቆን ነው። ክፍሌ፣ ጽዋው ውስጥ የተብላላ ወይን እንደምትጨምር ዘርይሁን ደርሶበት ነበር።»

«ጋሼ፣ እርስዎም በእኔ?»

«አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት ለብሰናል፤ አትዋሸኝ።»

ክፍሌ ተንበረከከ። «ዘቢቡን ለመዘፍዘፍ ከሥራ ጊዜ አጣሁ። ቅስና ልቀበል ስል ዘርይሁን ‹ለቀሲስ እነግራለሁ› አለኝ። ወይኑን ሲያማስል መስኮቱን ዘጋሁበት፤ በሩንም ከውጭ ቆለፍኩት። ስመለስ… በጨለማ ልተወው አልቻልኩም።»

«ፍትሐቱ ነገ ይሆናል» አሉ ቀሲስ ዘውዴ።

ተሻለች ክፍሌን ትክ ብላ አየችው። «በሩን አልደበደበም?»

«ደበደበ።»

«ምን አለ?»

ክፍሌ አቀረቀረ። «‹ክፍሌን ጥሩልኝ› ይል ነበር።»